ሽቦው እስኪፈታ

የካቲት በገባ ቁጥር ምራቴ ካናኤ ያቺን የሩዝ ብስኩት ቆርቆሮ ከቁም ሣጥን አናት አውርዳ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፋታለች። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ደረሰኝ ነው፤ የሐኪም፣ የመድኃኒት ቤት፣ የጥርስ። ለሕክምና ብዙ ያወጣ ሰው እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ለግብር ቢሮ ካመለከተ፣ ያወጣው ከገቢው ላይ ይቀነስለትና በትርፍ የከፈለው ግብር ይመለስለታል። ግን ጥቂት ካወጣሽ አይቆጠርልሽም። አንድ ሰው ብቻውን አይሞላለትም፣ የቤተሰቡ ሲደመር ነው ነገሩ የሚሆነው። ስለዚህ በየካቲት ሰፈሩ በሙሉ ደረሰኝ ሲደምር ይከርማል።

«እማዬ፣ የእርስዎንም ይስጡኝ» አለችኝ በዚያ ዓመት። ቅጠል ሲረግፍ የዓይኔን ሞራ አስገፍፌ ነበር።

«የእኔ ሕመም የእኔ ነው። ገንዘቡንስ መልሼልሽ የለም?» አልኳት።

እውነት ነው፣ መልሼላት ነበር። ሆስፒታል የከፈለችው እሷ ናት፤ እኔ ዓይኔ ተሸፍኖ እንደ ዕቃ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። በማግስቱ ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ የሩዝ ሳህኗ ሥር አስቀመጥኩላት። እሷ ደግሞ ፖስታውን የወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ መሳቢያ እኔ ዓሣ እገዛበታለሁ፣ እሷ እንቁላል ትገዛበታለች። መመለሴን ግን መልሻለሁ፤ ማንም መጥቶ አልመለሰችም ሊለኝ አይችልም።

እኔ እንዲህ ነኝ። ዕድሜዬን ዓሣ ፈጭቶ በሚቀቅል ፋብሪካ ቆሜ የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ሰው ላይ ሸክም መሆንን ከሞት አብልጬ እፈራለሁ። ምላሴም ሹል ነው ይላሉ፤ ይበሉ። ለማንኛውም ካናኤ እጇን ዘርግታ ስትጠብቅ ጊዜ፣ «እንኪ፣ ለማገዶ ይሁንሽ» ብዬ ደረሰኞቼን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩላት። አመሰገነችኝ። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ ተቆጥተሽ ስትሰጫት ታመሰግናለች።

ልጄ ታካኖሪ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። በረዶ የሚጠርግ መኪና ሾፌር ነበር፤ አንድ ጠዋት መሪው ላይ ተደፍቶ ተገኘ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ። እኔ፣ ሚስቱ ካናኤና ሴት ልጁ ሱዙ፣ ሟች ባለቤቴ በሠራው ቤት ውስጥ ቀረን። ካናኤ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ነው የምትሠራው፤ ጨለማ ሳይገፈፍ ትወጣለች። ሱዙን ትምህርት ቤት የምሸኘው፣ ከትምህርት ቤት የምቀበለው፣ በየወሩም በከተማው ባቡር ጥርስ ሐኪም ዘንድ የምወስደው እኔ ነኝ።

የሱዙ ጥርስ የአባቷ ነው። የላይኛውና የታችኛው አይገናኝም፣ ነክሳ መቁረጥ አትችልም፤ እንደ ፓስታ ያለ ረጅም የስንዴ ክር በሾርባ ስትበላ ግማሹ አገጯ ላይ ነው የሚቀረው። ታካኖሪም እንዲሁ ነበር፣ በእሱ ጊዜ አቅሙ አልነበረንም። ለእሷ ግን ካናኤ ቆርጣ ተነሳችና የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ አሠራችላት። ሽቦው በሚጠብቅበት ቀን ልጅቷ ያማታል፣ ምንም ማኘክ አትችልም። ያን ቀን ሩዙን እንደ አጥሚት አቅጥኜ፣ እንቁላል በእንፋሎት አብስዬ አቀርባለሁ፤ እኔም ሰው ሠራሽ ጥርሴን አውልቄ አብሬያት እጠጣለሁ። እሷ ጥርሷ ታስሮ፣ እኔ ጥርሴ ወልቆ፣ ሁለት ጨቅላ ሆነን እርስ በርስ እየተሳሳቅን። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የምወደው ያን ነበር።

ታዲያ ምን ነካኝ? ጎረቤቴ ኪኑዮ ናት የነካችኝ። አንድ ቀን በአጥር በኩል ብቅ ብላ፣ ዛሬ ዛሬ ባል የሞተባቸው ሴቶች ማዘጋጃ ቤት ሄደው አንዲት ወረቀት እየፈረሙ ከአማታቸው ጋር ያላቸውን ዝምድና እንደሚቆርጡ ነገረችኝ፤ የአጎቷ ልጅ ሚስትም እንዲያ አድርጋለች አሉ። ካናኤ እንዲህ ያለች አይደለችም አልኳት። ቃሉ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ካናኤ ገና ወጣት ናት፣ ሌላ ሰው ልታገኝ ትችላለች። ባል ለሌላት ሴት የባሏ እናት ምኗ ናት? እሷ ደግሞ በጨዋነቷ ሂጂ አትለኝም፤ እየከበዳት ትሸከመኛለች። ሳይሉኝ ብሄድ ይሻላል አልኩ። ቤቱን ለእነሱ ትቼ፣ ወንዙ ዳር ማዘጋጃ ቤቱ ለአዛውንት የሚያከራየው ክፍል አለ፣ እሱን አይቼ መጣሁ። አንድ መስኮት አለው። ከመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት ነው።

ግን ሱዙን መሐል ላይ ጥዬ እንዴት ልሂድ? ማን ሐኪም ዘንድ ይወስዳታል? ስለዚህ ለራሴ ቀጠሮ ሰጠሁ። ታኅሣሥ ላይ ደጃፍ በረዶ ስንጠርግ ለኪኑዮ ነገርኳት፤ ሽቦዋ ሲፈታ እኔም እፈታለሁ አልኳት። ኪኑዮ አካፋዋን ተደግፋ ከንፈሯን መጠጠች። ሱዙ በሩ ጋ ቢጫ አካፋዋን ይዛ በረዶ ትቆልል ነበር። ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም።

የሚገርመው፣ ሽቦው አልፈታ አለ። በመጪው ግንቦት ይፈታል ተብሎ ነበር፤ ቀኑ ግን በየወሩ ይገፋ ጀመር። የሱዙ ሐኪም ዶክተር ኦጊኖ ትንንሽ ላስቲኮች ሰጥታት ነበር፤ ከላይኛው ጥርስ ወደ ታችኛው ተወጥረው ሁለቱን መንጋጋ የሚያቀራርቡ፣ ቀንም ሌትም የሚደረጉ። በጥርም በየካቲትም ሐኪሟ አፏን ከፍታ አየችና ግንባሯን ቋጠረች። «ላስቲኩን ታደርጊዋለሽ?» ስትላት ሱዙ «አዎ» ትላለች። ታዲያ ጥርሱ ለምን ቆመ? በባቡር ስንመለስ እኔ ቁጣዬን አወረድኩባት፤ እናትሽ ገንዘቡን ከመንገድ የለቀመችው መሰለሽ ወይ አልኳት። አቀርቅራ ጫማዋን አየች። እውነቱን ልናገር አይደል፣ አፌ ሲቆጣ ሆዴ ደስ ብሎት ነበር። አንድ ወር ተጨመረልኝ ማለት ነው።

ወደ ግብር ቢሮው የሄድን ቀን ካናኤ ፈቃድ ወሰደች። እኔ ለምን እንደምሄድ አልገባኝም ነበር፤ ሱዙን የሚያመላልሷት እርስዎ ስለሆኑ ቢጠይቁኝ እንዲመልሱልኝ ነው አለችኝ። ባቡር ውስጥ ግን ጎኔን ነካ አደረገችና አስጠነቀቀችኝ። ሽቦው ለምን ተደረገ ቢሉዎት፣ በደንብ ለማኘክ ነው እንጂ ለውበት ነው እንዳይሉብኝ፤ ለውበት ከሆነ ተቀናሽ አይሰጡበትም አለችኝ። እኔ ደግሞ በየገበያው፣ በየፌርማታው ልጄ ቆንጆ ልትሆንልኝ ነው እያልኩ እንደማወራ ታውቃለች። «ዝም አይነቅዝም እማዬ» አለችኝ። እሺ አልኩ። በልቤ ለማኘክ፣ ለማኘክ እያልኩ ደረስኩ።

አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ወፍራም ካፖርቱን ታቅፎ፣ ፖስታውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል። ተራችን ሲደርስ የተቀበለን አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ የቀጠነ ወጣት ነበር። ትሑት ልጅ ነው፤ ወንበሩን ለእኔ ሳብ አደረገልኝ። የሱዙን ደረሰኞች አንድ በአንድ አየና የፈራነውን ጠየቀ። ካናኤ የሐኪሟን ማስረጃ ሰጠችው። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ። ካናኤ በዓይኗ ጠርዝ አየችኝ፤ ኩራት ተሰማኝ።

ቀጥሎ የባቡሩን ጠየቀ። ልጅ ብቻዋን ሐኪም ዘንድ ስለማትሄድ ይዟት የሄደው ሰው መሳፈሪያም ይቆጠራል አለ።

«ማን ነው የሚወስዳት?»

«እኔ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። የእኔ ትኬት እንደሚቆጠር አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ሽቦው ጉንጯን ወግቷት በታክሲ የሮጥንበትንም ልጨምርለት ብል፣ ታክሲ እንዲሁ አይገባም፣ ግን ደም ከነበረ ይታያል አለኝ። ደም ነበር አልኩት፣ ሹራቤን ላምጣልህ ወይ? ሳቀ። ነገሩ ሁሉ እንዲህ በሰላም እየሄደ ሳለ የእኔን ደረሰኞች አነሳ።

«የዓይን ሕክምናው የእማማ ነው ማለት ነው። አብረው ነው የሚኖሩት፣ አይደል? ከልጅዎ ሚስት ጋር ኑሯችሁ አንድ ነው? ከአንድ ኪስ ነው የምትኖሩት?»

«አይደለም» አልኩ። «እኔ በጡረታዬ ነው የምኖረው። የማንም ሸክም አይደለሁም።»

ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ልጁ ደነገጠ። እንዲህ ከሆነ የእርስዎ ከእነሱ ጋር አይደመርም አለና የዓይኔን ደረሰኞች በሁለት ጣቱ ይዞ ከክምሩ ለይቶ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋቸው። ካናኤ በትንሿ መርፌ ቁልፍ ከሱዙ ደረሰኞች ጋር አንድ ላይ አያይዛቸው ነበር፤ እሱ ነቅሎ አወጣቸው። ወረቀቶቹ ብቻቸውን ጠርዙ ላይ ቀሩ። ካናኤ እነሱን ታያለች። ፊቷ ልክ የባሏን ሬሣ ያመጡ ቀን እንደነበረው ሆነ፤ የማይንቀሳቀስ። ያን ጊዜ ነው ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እኔ ደግሞ የተናገርኩትን መመለስ አልፈጠረብኝም።

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ ቤተሰብ እንዲሁ በአፍ ተለየ አይባልም፣ እስቲ ትንሽ ልጠይቅ አለ። ሩዙን የሚገዛው ማነው? ሩዝ ከወንድሜ ልጅ እርሻ ነው የሚመጣልኝ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ማን ይበላዋል? ሦስታችንም። መብራቱንስ? እሷ። የልጅቷን ጫማ? የበጋውን እኔ፣ የበረዶውን እሷ። የገላ መታጠቢያውን ውሃ ለየብቻ ነው የምታሞቁት? ይሄ ልጅ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቀው አልኩ በልቤ። አንድ ውሃ ነው፣ መጀመሪያ ሱዙ ትገባለች፣ ቀጥሎ እኔ፣ ካናኤ መጨረሻ፣ ማን ሦስት ገንዳ ያሞቃል አልኩት። የዓይኑን ሕክምና ማን ከፈለ? እሷ፣ ግን መልሻለሁ። የት መለሱላት? መሳቢያው ውስጥ። ከመሳቢያው ማን ያወጣል? ሁላችንም።

«ዓይንዎ ተሸፍኖ ሳለ ጠብታውን ማን ያደርግልዎት ነበር?»

«እሷ» አልኩ። ከሥራ ገብታ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ እጇ እንደ በረዶ ሆኖ፣ እንዳይበርደኝ መጀመሪያ ጣቷን በትንፋሿ እያሞቀች ነበር የምትጨምርልኝ። ይሄን ለልጁ አልነገርኩትም። ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

«እማማ፣ ታዲያ ይሄ የቱ ጋ ነው የሚለየው?» አለኝ በቀስታ።

የመለሰችው ካናኤ ናት፤ ለእሱ ግን አይደለም፣ ወደ እኔ ዞራ ነው።

«እማዬ፣ ካልፈለጉን ይንገሩኝ። ቤቱ የእርስዎ ነው። ታካኖሪ ከሞተ ጀምሮ ዛሬ ውጪ ይሉኛል፣ ነገ ውጪ ይሉኛል እያልኩ ነው የምኖረው። የመብራቱን ሂሳብ እየሮጥኩ የምከፍለው ለዚያ ነው።»

ቆሌዬ ተገፈፈ። «ማነው አንቺን ውጪ የሚልሽ?» አልኳት። «የምወጣው እኔ ነኝ እንጂ። ክፍል አይቻለሁ፣ ወንዙ ዳር። የሱዙ ሽቦ ሲፈታ ልሄድልሽ ነው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ባልሽ የለም፤ የእኔ ዕዳ ምን አለብሽ?»

«ዕዳ ማን አለ?» አለች ካናኤ። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። «ከሥራ ስመለስ ከመንገዱ መታጠፊያ የቤቱ መብራት ይታየኛል። እናቴ አለች እላለሁ፣ እገባለሁ። እርስዎ ሲሄዱ እኔ ወደ ማን ልገባ ነው?»

ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ገንዳ ውሃ እየታጠብን እኔ እሷን ፈራሁ፣ እሷ እኔን ፈራች፤ አንድ ቀን አፋችንን ከፍተን ብንጠያየቅ ኖሮ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ያያል። ከኋላችን ተራ የምትጠብቅ ሴትዮ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ በትከሻዬ ላይ አቀበለችኝ። አፍንጫዬን ተናፍጬ የዓይኔን ደረሰኞች ከጠረጴዛው ጠርዝ በገዛ እጄ አነሳሁና የሱዙ ላይ መልሼ አኖርኳቸው።

«አንድ ነው ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» አልኩት። «ኑሯችን አንድ ነው።»

ጻፈ።

በባቡር ስንመለስ ካናኤ እጄን ይዛ ነበር፤ ለመውረድ ስንነሳም አልለቀቀችኝም። ድንገት ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። ምን ሆንሽ ብላት፣ እኔ እኮ የፈራሁት ለውበት ነው እንዳይሉ ነበር አለች። እኔም ሳቅ ያዘኝ፤ ዓይናችን አብጦ ስንስቅ ሰዉ ያየናል። ይየን።

ቤት ስንገባ ሱዙ እግሯን ማሞቂያ ከተገጠመለት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ሥር ከታ የቤት ሥራ ትሠራለች። ቀና ብላ ፊታችንን አየችና እርሳሷን አስቀመጠች። የግብር ቢሮ ሰዎች እንቢ አሏችሁ ወይ አለችን። አይደለም፣ ሁሉንም ተቀበሉን አልኳት። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ ነበር፣ ግን ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም በሆዱ ይዞ እንዲኖር አልፈለግሁም።

«ሱዙዬ፣ አንድ ነገር አስቤ ነበር። ሽቦሽ ሲፈታ ...»

«ትሄጃለሽ» አለችኝ። «አውቃለሁ። በረዶ ስንጠርግ ለኪኑዮ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ።»

ካናኤ በሩ ላይ ካፖርቷን ግማሽ አውልቃ ቆመች። ልጅቷ ታኅሣሥን፣ ጥርን፣ የካቲትን አንድም ቃል ሳትተነፍስ ይዛው ኖራለች። ማንን መሰለች እልሻለሁ፣ እኔን ነዋ።

«ነበር አልኩሽ እኮ» አልኳት። «አሁን አልሄድም።»

«ሽቦው ሲፈታም?»

«ሲፈታም።»

«በአባዬ ማዪልኝ።»

የታካኖሪ ፎቶ ክፍሉ ጥግ መደርደሪያው ላይ ነው ያለው፤ በየጠዋቱ ትንሿን የሩዝ ሳህን ከፊቱ የምታኖርለት ሱዙ ናት፣ ከእሷ ሌላ ማንም አይነካውም። ወደ ፎቶው ዞሬ ማልኩላት። የልጄ ጥርስ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ወጥቶ ይስቃል።

ሱዙ ተነሳች። መደርደሪያው ጋ ሄዳ እጇን ከፎቶው ኋላ ሰደደችና ትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶች አወጣች፤ አንድ እፍኝ፣ ሌላ እፍኝ። የጥርሷ ላስቲኮች ናቸው። አንዱም አልተከፈተም። ጠረጴዛው ላይ፣ የቤት ሥራዋ ላይ አፈሰሰቻቸው። ካናኤ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በባቡር ውስጥ የተቆጣኋትን፣ ጫማዋን ያየችበትን አስታወስኩ።

ሱዙ አንዱን ከረጢት በጣቷ ቀደደችና መስተዋቱ ፊት ቆማ አፏን ከፈተች። የቀኙን ሳበች፣ አያያዘችው። የግራው የኋለኛው ጥርስ ላይ ነው፣ ደጋግማ ሞከረች፣ አልደርስ አላት፣ ላስቲኩ እያመለጠ ወለል ላይ ይወድቃል።

«ነይ ወደ ብርሃኑ» አልኳት። «ዓይኔ አሁን ደህና ያያል።»

መጥታ ጭኔ ላይ ተደገፈችና አፏን በደንብ ከፈተችልኝ። ላስቲኩን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ከላይኛው ጥርሷ አንስቼ ወደ ታችኛው ሳብኩና አገናኘሁላት።